የወደቀው ማማ አረንጓዴ ሆነ

ይህ የደረሰ ነገር ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ... እኔ ግን በዓይኔ ያየሁትን ነው የምጽፍላችሁ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሱቫ፣ ፊጂ። ዝናቡ መስኮቱን ይደበድባል፤ ሰማዩ እንደ ምሽት ጠቁሯል።

ሮኒል እባላለሁ። በደሴቶቹ መካከል የሚመላለሱ መርከቦችን ግንኙነት በሚከታተል ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ግድግዳችን ላይ ትልቅ ስክሪን አለ። መርከቡ፣ የሬዲዮ ማማው፣ ባትሪው... ሁሉም በየክቡ ተስሏል። የቱ ያለ የቱ እንደማይሠራ መስመሩ ያሳያል። ማስጠንቀቂያ ሲጮህ ከቀዩ ክብ ተነስተን መስመሩን እንከተላለን። የችግሩ ሥር ጋ ያደርሰናል።

ያን ቀን ጮኸ።

አንዲት መርከብ ቀይ ሆነች።

አብራኝ የምትሠራው ሎሳሊኒ የምትበላውን ሮቲ አስቀመጠች። ታናሽ ወንድሟ ሳኪዩሳ እዚያች መርከብ ላይ ነው የሚሠራው።

"ተከተለው! ቶሎ በል!"

ተከተልኩ። ከመርከቧ ወደ ማማው... ቀይ። ከማማው ወደ ባትሪው... ቀይ።

"እፎይ! መርከቧ ደህና ናት። ባትሪው ነው የሞተው" አልኳት።

"እኔስ ምን አስደነገጠኝ? እሱን ባሕሩም አይውጠው፤ ይመርረዋል!" ብላ ሳቀች።

ሳቋን ሳትጨርስ ማማው አረንጓዴ ሆነ።

ባትሪው ግን አሁንም ቀይ ነው...

"ያለ ባትሪ?" አለች ቀስ ብላ።

ማማው የቆመው ሰው በማይኖርባት ትንሽ ደሴት ላይ ነው። ከማዶው መንደር ሆነው የሚጠብቁት አባባ ሴሚ ናቸው። ደወልኩላቸው።

"አባባ፣ ማማው ሠራ እንዴ?"

"የቱ ማማ?"

"የእኛው ነዋ!"



"ልጄ... ማማው እኮ ወደቀ። ቅድም ማዕበሉ ጣለው። ይኸው፣ ተጋድሞ አየዋለሁ።"

ቀና ብዬ ስክሪኑን አየሁ።

አረንጓዴ።

ያን ጊዜ ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። የሳኪዩሳ ድምፅ ነበር።

"ሱቫ... የማማውን መብራት አየነው። ወደ እሱ እየመጣን ነው።"

እዚያ ምንም መብራት የለም። ያለው ድንጋይ ብቻ ነው።

ሎሳሊኒ ማይኩን ነጠቀችኝ።

"ሳኪ! አትምጡ! ማማው ወድቋል! ተመለሱ!"

"...እንዴት ያምራል፣ ሎሳ።"

"ሳኪ፣ ትሰማኛለህ?"

"እንዴት ያምራል..."

ስክሪኑ ላይ ከማማው ሥር አዲስ ክብ ብቅ አለ። ስም የለውም። ማናችንም አልሣልነውም። የማማው መስመር ከባትሪው ተነቅሎ ከእሱ ጋር ተያይዟል።

"መስመሩን ቁረጠው!" አለች።

"ብቆርጠው የሳኪም ድምፅ አብሮ ይቆረጣል..."

እጄን ያዘችኝ። ቁረጥም አላለችም፤ ተውም አላለችም።

ስልኩ ውስጥ አባባ ሴሚ አንሾካሾኩ።

"መርከብ አያለሁ... መብራቷን አጥፍታለች። ቀጥ ብላ ወደ ድንጋዩ..."

"አባባ፣ እሳት ያንድዱላቸው! የሆነ ነገር ያድርጉ!"

"በዚህ ዝናብ? በምን እሳት፣ ልጄ?"

ስልኩ ተቋረጠ።

የመርከቧ ክብ ቀይ አልሆነም። መስመሩን ይዞ ወደ ታች ወረደ... ቀስ... ቀስ እያለ። ስም የሌለው ክብ ውስጥ ገባ።

ከዚያ ሁለቱም ጠፉ።

ማስጠንቀቂያው ዝም አለ።

ሎሳሊኒ ማይኩን እንደጨበጠች የወንድሟን ስም ትጠራለች።  እኔም አጠገቧ ቆሜያለሁ... ምንም ማድረግ ሳልችል።

ፍለጋው ብዙ ቀን ቆየ። አንድ ጣውላ እንኳ አልተገኘም። ሎሳሊኒ ሥራዋን ለቅቃ ወደ እናቷ መንደር ሄደች።

ለእሷ ያላሳየኋት አንድ ፎቶ አለ። በማግስቱ ባሕሩ ሲረጋ አባባ ሴሚ በጀልባ ተሻግረው ያነሱት ነው።

አሸዋው ላይ የባዶ እግር ዱካ ሞልቷል። የትልቅ ሰውም... የሕፃንም። ከባሕሩ ወጥቶ እስከ ወደቀው ማማ ይደርሳል። እዚያ፣ ባለዱካዎቹ ማማውን ከብበው ቆመው ነበር።

የተመለሰ ዱካ ግን የለም።