ያልተዘጋው ቅድመ ሁኔታ

ሟቿ በሙከራ ክፍሉ የመስታወት በር ሥር፣ አንድ እጇን ወደ እጀታው እንደዘረጋች ነበር የተገኘችው። የክፍሉን አየር ናይትሮጅን ጋዝ ተክቶት ታፍና ነበር። መሥሪያ ቤቱ የፍራፍሬ ማቆያ ክፍሎችን የሚቆጣጠር ፕሮግራም ይሠራል። ፕሮግራሙ በታደሰ ቁጥር «መሣሪያ» የሚሉት ሌላ ፕሮግራም ስክሪፕት የሚባል የትዕዛዝ ዝርዝር እያነበበ የዚህን ክፍል በር ይቆልፋል፣ ጋዝ ይለቃል፣ ይፈትሻል። መሣሪያውን የጻፈችው ራሷ ሟቿ ናት።

«የገዛ እጇ ሥራ በላት» ይባባሉ ነበር በኮሪደሩ። ኢንስፔክተሯ እጀታውን አንዴ ሞክራ ወደ ውስጥ ዘለቀች።

መጀመሪያ የመጣው ስክሪፕት ጸሐፊው፣ የሟቿ ታናሽ ወንድም ነበር። ገና ሳይቀመጥ «የገደልኳት እኔ ነኝ» አለ።

«ቀስ በል። እንዴት?»

«በር ቆልፍ፣ ጋዝ ልቀቅ፣ ሰው ካለ አቁም ብዬ ነው የምጽፈው። "ሰው ካለ" የሚለውን ጀምሬ ሳልዘጋው ስልክ ጠራኝና ወጣሁ። የተውኩት ደግሞ ሁላችንም የምንከፍተው የጋራ ማስቀመጫ ላይ ነው። መሣሪያው እዚያ ያገኘውን ራሱ ያስኬዳል። እሰሩኝ በቃ።»

«ከዚህ በፊት ሳትጨርስ አስኪደህ ታውቃለህ?»

«ኧረ በጭራሽ። እትዬ ቁም ስቅሌን ታሳየኝ ነበር።» ይህን ብሎ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ቀጥሎ ሥራ አስኪያጁ፣ የሟቿ ባል ገባ። «ሚስቴ ነበረች ለማለት ያህል ነው እንጂ፣ ቤትም ስትመጣ የምታወራው ስለ ዛፏ ነው» አለ።

«የምን ዛፍ?»

«እኔ ምን አውቄ? ትዕዛዞቹን እንደ ቅርንጫፍ ትሰቅላቸዋለች አሉ። በዛፍ የሚቀና ባል አይተው ያውቃሉ?»

«በሰውስ አልቀኑም?»

«በመምህሩ፣ ድሮ። አሁንማ እሳቸው ራሳቸው ሰላም አይሏትም። የሳቸውን አሮጌ መሣሪያ ከሁላችንም ኮምፒውተር አንስተን የሷን ስናስገባ፣ ከኔ ላይ አይነካም ብለው ሙጭጭ አሉ።»

መምህሩ የሚሏቸው ሙያውን ያስተማሯት ሽበታም ፕሮግራም ጸሐፊ ናቸው። ወንበራቸው ፊቱን ወደ ሙከራ ክፍሉ መስታወት ያዞረ ነው። ኢንስፔክተሯ አጠገባቸው ቆማ እሳቸው የሚያዩትን አየች።

«ከዚህ አልተነቃነቅሁም» አሏት። «ማንንም ጠይቂ።»

«ስትገባ አይተዋታል?»

«እዚህ ተቀምጬ እንዴት አላይ? የጋዝ ጠቋሚውን ልታስተካክል ገባች፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ ሥራዬን ቀጠልኩ።»

«የሷ መሣሪያ ከእርስዎው በምን ይሻላል?»

ከንፈራቸውን ሸርመም አደረጉ። «ማን ይሻላል አለሽ? የኔ አንድ መስመር ያነባል፣ ይሠራል። ሌላ ያነባል፣ ይሠራል። የሷን ከፍቼም አላየሁት። ፊደል ያስቆጠርኳት ልጅ ታስተምረኝ እንዴ?»

ኢንስፔክተሯ የጋዙን ሲሊንደር አዘግታ ሦስቱንም ከመስታወቱ ፊት ሰበሰበች። «ያንኑ ያልተጨረሰ ስክሪፕት በእህትህ መሣሪያ አስኪደው» አለችው ወንድምየውን።

ቁልፉን ተጫነ። በሩ ቀጭ እንኳ አላለም። ስክሪኑ ላይ «የመጨረሻው ቅድመ ሁኔታ አልተዘጋም፤ ምንም አልተፈጸመም» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

«እህትህ እያንዳንዱን ትዕዛዝ አንጓ አድርጋ ዛፍ ላይ ትሰቅላለች» አለች ኢንስፔክተሯ። «"ሰው ካለ" የሚለው አንጓ ሳይዘጋ ዛፉ ሙሉ አይሆንም። ዛፉ ሙሉ ሳይሆን ደግሞ መሣሪያዋ የመጀመሪያውንም ትዕዛዝ አይነካም። አንተ ሳትጨርስ በመተውህ የሷ መሣሪያ እሷን ሊገድል አይችልም ነበር።»

ወንድምየው ስክሪኑን ደግሞ አነበበው።

«በሩን ቆልፎ፣ ጋዙን ለቅቆ፣ ማቆሚያው ጋ ሲደርስ የተደናቀፈው መስመር በመስመር የሚሠራው አሮጌው መሣሪያ ነው። እሱ ያለው አንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ባለቤቱም ከወንበሬ አልተነቃነቅሁም ብለውኛል፤ ስትገባም አይተዋል።»

«ጋሼ?» አለ ባሏ ወደ መምህሩ ዞሮ።



«ስክሪፕቱን ከጋራው ማስቀመጫ ወስደው በእርስዎው ያስኬዱት፣ ጥፋቱ በሷ ሥራ ይሳበባል ብለው ነው» አለቻቸው ኢንስፔክተሯ መምህሩን። «ግን ቅናትዎ የሷን አንድ ቀን እንኳ አላስሞከረዎትም። ሞክረውት ቢሆን፣ ያልተጨረሰ ስክሪፕት እንደማይቀበል ባወቁ ነበር።»

«ሁሉም እሷ፣ እሷ፣ እሷ» አሉ መምህሩ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እኔ እዚሁ ተቀምጬ፣ የሌለሁ ያህል።» ከዚያ ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ ተተከለ። እጃቸው ለካቴና ተይዞ እንኳ አንገታቸውን ወደዚያ አሰገጉ። «እስኪ አንዴ ልየው። እንዴት አድርጋ እንደሠራችው ብቻ።»

የሟቿ ወንድም ቀና ብሎ አያቸው። ከዚያ እጁን ሰደደና ስክሪኑን አጠፋው።