በፍሪሲዮኑ ቆዳ ላይ የተነሰነሰ ሙጫ

በ1914 ዓመተ እግዚእ፣ ኦክቶበር 6 ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከአንትወርፕ ከተማ በስተደቡብ ያሉት ምሽጎች አንዱ ሌላውን እየተከተለ ይወድቅ ነበር፤ የጀርመን መድፍ ድምፅ በስሄልደ ወንዝ ላይ የተኛውን ጉም እየሰነጠቀ መጥቶ በቆዳ ነጋዴዎች ሰፈር ያለውን የመስኮት መስታወት ሁሉ ያንቀጠቅጥ ነበር። ከከተማው ሰው ግማሹ ጓዙን ይሸክፋል፤ ግማሹ "እንግሊዝ ደርሶልናል" የሚለውን ወሬ ይዞ ከደጃፉ ቆሟል። በዚያች ጠዋት ፖሊዶር ስታልማንስ የተባለ የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው በጌቶቹ ግቢ፣ በአሮጌው ጋጣ በር ላይ ቆሞ፣ መድፉን ትቶ የአንዲት ጥቁር መኪና አነሳስ ያዳምጥ ነበር። መኪናይቱ ጠጠሩን እንኳ ሳታንኮሻኩሽ ከመጠለያዋ ወጥታ በደረጃው ፊት ቆመች። ፖሊዶር ፊቱን አዞረ።

ይህ ሰው ለሟቹ ቆዳ ነጋዴ ቤት ሃያ አራት ዓመት ያገለገለ ሠረገላ ነጂ ነበረ። ጌታው በ1909 ፈረሶቹን ሸጠው ይህችን መኪና በገዙ ጊዜ፣ ታማኝነቱን ዐይተው ስድስት ሳምንት ነጂነት እንዲማር ላኩት፤ ተምሮም መጣ። መሪውን ቻለው፤ ማርሹንም ለመደው፤ ፍሪሲዮኑ ግን ከቶ አልገዛለት አለ። የዚያን ጊዜ ፍሪሲዮን በቆዳ የተለበጠ እንደ ጡሩምባ አፍ ያለ ብረት ነው፤ ሞተሩ በሚያሽከረክረው ከባድ መንኰራኩር ሆድ ውስጥ እየገባ ይነክሳል፤ እግር ባንድ ጊዜ ቢለቀው መኪናዋ እንደ ደነበረ በቅሎ ትዘላለች፤ ግማሹን ይዘው ቢዘገዩበት ደግሞ ቆዳው ይፋተግና ይቃጠላል። ፖሊዶር ሁለቱንም በየቀኑ ያደርግ ነበር። እርሱ ባለፈበት ጎዳና የተጠበሰ ቆዳ ሽታ ይቀራል፤ ቆዳው በዓመት አራት ጊዜ ይለወጣል፤ ለዋጩ ባለሙያም ባየው ቁጥር፣ "ስማኝ ፖሊዶር፣ ጌታህ ቆዳ ነጋዴ ባይሆኑ ኖሮ ምን ይውጥህ ነበር?" ይለዋል።

ጌታው ሞቱ። ባልቴቲቱ ወይዘሮ ኦዲል በረዶ አዳልጧቸው ዳሌያቸው ተሰበረ፤ ከዚያ በኋላ የመኪናዋ እያንዳንዱ ዝላይ ያስለቅሳቸው ጀመር። ስለዚህ በ1912 ጸደይ ሬምበርት የሚባል የጌንት ልጅ ቀጠሩ፤ ዕድሜው ሃያ ስድስት፣ ፊቱ በማድያት የተነጠበ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነበረ። በመጀመሪያው እሑድ ፖሊዶር ከጎኑ ተቀምጦ ሳለ፣ ወይዘሮይቱ ከኋላ ዐይናቸውን ጨፍነው ዝላዩን ሲጠባበቁ ቆዩና፣ "ምን ያስጠብቅሃል ልጄ፣ አትነሣም እንዴ?" አሉ።

"ካቴድራሉን እኮ አልፈናል፣ እመቤቴ" አላቸው ሬምበርት።

ወይዘሮይቱ ሳቁ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ስቀው አያውቁም ነበር። ያ ሳቅ ፖሊዶርን እንደ አጋም እሾህ ወጋው፤ እሾሁም ከዚያ ቀን ጀምሮ አልወጣለትም።

ቅናት መጀመሪያ ሰውን ሰላይ ያደርገዋል። ፖሊዶር የሬምበርት የግራ ጫማ፣ ፔዳሉን የሚረግጥበት፣ ከቀኙ ይልቅ ሶሉ የሳሳ መሆኑን ዐየ፤ በማግሥቱ የራሱን ጫማ ፍቆ አሳሳው። ግቢው ባዶ በሆነ ጊዜ መኪናዋን አስነሥቶ ሞከረ፤ እንደ ወትሮው ዘልላ ሞተሯ ጠፋ። ሬምበርት ከበሩ ሆኖ ዐይቶት ኖሮ ቀረበና በጨዋ ቃል፣ "ጋሼ ፖሊዶር፣ እስኪነክስ ድረስ ቀስ ብለው ይልቀቁት፤ ሲነክስ እዚያው ላይ አንድ ትንፋሽ ያህል ይያዙት፤ ከዚያ እግርዎን ጨርሰው ያንሡ። እላዩ ላይ አያንቀላፉበት፤ ቆዳውን የሚበላው እሱ ነው" አለው።

"እኔ አራት ፈረስ ባንድ ልጓም ስነዳ አንተ ገና ጡት ትጠባ ነበር።"

"እውነት ነው" አለ ሬምበርት፤ ብሎም ወደ ሥራው ሄደ።

ተሳድቦ ቢሆን ለፖሊዶር በቀለለው ነበር። የቤቱ ወጥ ቤት የሆነችው ሚስቱ ኮሌታ በዚያ ምሽት ሾርባውን እየቀዳች፣ "ጥርስህን አታፋጭ፤ ልጁ ምን አደረገህ?" ብትለው፣ "ምንም" አላት።

"እንግዲያማ ለዚህ ነው የጠላኸው" አለችው።

አሁን በዚያ ማክሰኞ ወይዘሮይቱ ቤተ ሰቡን በደረጃው ግርጌ ሰበሰቡ፤ በምርኩዛቸው ተደግፈው፣ "ነገ ማለዳ ሬምበርት ወደ ኦስትንድ ይወስደኛል። አንተ ፖሊዶር ቤቱን ትጠብቃለህ" አሉ።

"እመቤቴ፣ ሃያ አራት ዓመት ያመላለስኩዎ እኔ ነኝ" አለ ፖሊዶር።

"ዐውቃለሁ፤ ቤቴን ላንተ የምተወውም ስለዚህ ነው። ዳሌዬ ግን አንተን አይችልም።"

ገረዶቹ ከንፈራቸውን ነክሰው ፈገግታቸውን ደበቁ። ፖሊዶር ባርኔጣውን አጥልቆ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ሬምበርት ቤንዚን ፍለጋ ወደ ወደቡ በሄደ ጊዜ፣ ፖሊዶር ወደ መኪናዋ ገባ። የወለሉን ሳንቃ አነሣ፤ ፔዳሉን በዱላ ወጥሮ ቆዳው እንዲጋለጥ አደረገ። በጋጣው መደርደሪያ ላይ፣ ለድርቆሽ መቁረጫው ጠፍር እንዳይንሸራተት የሚደረግበት የተፈጨ የጥድ ሙጫ ነበረ፤ ከዚያ እፍኝ ሙሉ ወስዶ ቆዳው ላይ ነሰነሰው። ሙጫ የነካው ቆዳ ብረቱን ባገኘ ጊዜ ማጓተት አያውቅም፤ ባንድ ጊዜ ይነክሳል። የፖሊዶር ሐሳብ ወይዘሮይቱ ነገ በገዛ ደጃፋቸው ላይ አንድ ጊዜ እንዲጮሁ፣ ሬምበርትም በሰው ፊት አንድ ጊዜ እንዲያፍር ብቻ ነበረ፤ ከዚያ ወዲያ አላሰበም። ሳንቃውን መልሶ እጁን ታጠበ።

ነገር ግን ወይዘሮይቱ በመኪናዋ አልተጓዙም። ዘመዳቸው ወደ ሆላንድ በሚወርድ ጀልባ ላይ ስፍራ አግኝቶላቸው ረቡዕ ማለዳ በቃሬዛ ወደ ወንዙ ተወሰዱ፤ መኪናዋንም ለቁስለኞች ማመላለሻ እንዲወስዷት ለሠራዊቱ ሐኪሞች ጽፈው ተዉ። ሐሙስ ሲነጋ ከተማው መደብደብ ጀምሮ ነበር፤ ከወንዙ ዳር የነዳጅ ጭስ ሰማዩን ሸፍኖታል። አንድ መቶ አለቃ ሐኪም ሦስት ቁስለኞች አስከትሎ ግቢው ገባ። የኋላው ወንበር ተነቅሎ ማቲስ የሚባል አስር አለቃ፣ የሊምበርግ ዳቦ ጋጋሪ፣ በሳንቃ ላይ ተጋደመ፤ ሁለቱ ከእግሩ በኩል ተቀመጡ፤ ፖሊዶር ደግሞ እንዲደግፈው ከጎኑ እንዲንበረከክ ታዘዘ። ኮሌታም ለመሸሽ ቅርጫቷን ይዛ ከፊት ወንበር ተቀመጠች።

"የዚህ ሰው የጭን ደም ሥር በክር የታሰረው ትናንት ነው" አለ ሐኪሙ። "የመንገዱን ድንጋይ እንደ ምንም ይችለዋል፤ ዝላይ ግን ክሩን ይበጥሰዋል። ማነው የሚነዳው?"

ሁሉም ወደ ሬምበርት ዐየ። ፖሊዶር አፉን ከፈተ፤ ሚስቱ ከፊት ነበረች፤ ሐኪሙ ከጎን ነበረ፤ ሙጫው እስካሁን ረግፎ ይሆናል ብሎ ራሱን አታለለና መልሶ ዘጋው።

መኪናዋ ዘለለች። አስር አለቃው "እናቴን" አለ። ሬምበርት ፊቱ ዐመድ መስሎ ወደ እግሩ ተመለከተ።

ወደ ወንዙ የሚያወርደው ጎዳና በስደተኛ ተሞልቶ ነበር፤ ጋሪ፣ ላም፣ የሕፃን ጋሪ፣ ፍራሽ የተሸከመ ሽማግሌ ሁሉ ሠራዊቱ በጀልባ ላይ ወደ ዘረጋው ድልድይ ይጋፋል። አሥር ክንድ ሄዶ መቆም፤ መነሣት፤ እንደገና መቆም ነበር። ሬምበርት የሚያውቀውን ጥበብ ሁሉ ሞከረ፤ ፔዳሉን በፀጉር ስፋት እየለካ ለቀቀው፤ ቆዳው ግን አልሰማውም። በአራተኛው ዝላይ ፋሻው ቀላ፤ ደሙ በፖሊዶር ጉልበት ላይ ሞቀው። ፖሊዶር አውራ ጣቱን በአስር አለቃው ብሽሽት ቀብሮ በሙሉ ክብደቱ ተጫነ።

"ሬምበርት፣ እንዳትነሣ።"

"ቆሜያለሁ፣ ጋሼ።"

"ሙጫ ነው። ቆዳው ላይ የጥድ ሙጫ ነስንሼበታለሁ። ማክሰኞ ዕለት።"

ኮሌታ ወደ ኋላ አልዞረችም፤ ጀርባዋ ብቻ ቀጥ ሲል ዐየ። ሬምበርት፣ "ምን ያህል ነው?" ሲል ጠየቀ።

"እፍኝ።"

ሬምበርት ወዲያው ጎንበስ አለ። ሞተሩን አጥፍቶ ሳንቃውን አነሣ፤ ኮሌታ ሳትጠየቅ የራስ ሻሿን ፈትታ ሰጠችው፤ በቤንዚን እያራሰ ቆዳውን ይፈትግ ጀመር። ከኋላ የነበረ አንድ ፈረሰኛ ሻምበል እየገፋ ደርሶ፣ "ይህች መኪና መንገድ ዘግታለች፤ ወደ ቦዩ ግፏት" ብሎ ወታደሮቹን አዘዘ።

"አምስት ደቂቃ፣ ጌታዬ፤ ቁስለኛ ይዣለሁ" አለ ሬምበርት፤ ቀናም አላለ።

"ከኋላዬ አንድ ሻለቃ ጦር አለ።"

"እንግዲያስ እነርሱ ይሸከሟቸው፤ አንደኛው ግን ከተነሣ ይሞታል።"

ሻምበሉ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ የፖሊዶርን እጅና ደሙን ዐየ፤ ሰዓቱን አውጥቶ ያዘ። ሙጫው ሲነሣ ቆዳው ደርቆ ነበር፤ ዘይት ካልተቀባ ደግሞ መኪናዋን ማዝለሉን አይተውም፤ ከተቀመጡት አንዱ፣ ሆዱን የታመመ መድፈኛ፣ ከኮቱ ኪስ ጠርሙስ አወጣ። "የጉሎ ዘይት ነው፤ ለኔ ያዘዙልኝ። መኪናዋ ከጠጣችልኝ እኔም ተገላገልኩ" አለ። ሬምበርት ቆዳውን በጣቱ ቀባው፤ ትርፉን ጠረገ፤ ሞተሩን በእጅ አሽከርክሮ አስነሣና ተቀመጠ።

ፖሊዶር ትንፋሹን ይዞ ዝላዩን ጠበቀ። ከአውራ ጣቱ በታች የደም ሥሩ ትርታ ይሰማዋል፤ ከዚያ በቀር ምንም አልተሰማውም። ቀና ብሎ በመስኮቱ ቢመለከት ከታች የስሄልደን ውሃ ዐየ፤ ድልድዩ ላይ ነበሩ። በየጀልባው መጋጠሚያ ላይ ቆሙ፤ በየመጋጠሚያውም ተነሡ፤ አስር አለቃው ዐይኑን ጨፍኖ ያንቀላፋ ጀመር። ያን ጊዜ ሊያመሰግን የሚገባው ፖሊዶር፣ እጁ በሰው ደም ተነክሮ፣ በገዛ ኀጢአቱ ላይ ተንበርክኮ፣ በሬምበርት ቀና። እንዲህ ያለ እግር ለእኔ ቢሰጠኝ ምን ነበር ብሎ ቀና።

ከቀትር በኋላ ሲንት ኒክላስ ገቡ፤ ቁስለኞቹ ወደ ባቡር ተዛወሩ። ተረካቢው ሐኪም ፋሻውን ፈትቶ፣ "በሕይወት አለ። ግን ክሩ ለምን ላላ?" ብሎ ጠየቀ።

"መንገዱ መጥፎ ነበር" አለ ሬምበርት።

ፖሊዶር ተከትሎት ወደ መኪናዋ ሄደ። "ለምን ሸሸግኽልኝ?" አለው።

"ሌላ ቁስለኛ ይጠብቀኛል፣ ጋሼ" አለ ሬምበርት፤ ተቀመጠና ሄደ። ከጣቢያው በር መቼ እንደተነሣ አልታወቀም።

ፖሊዶርና ኮሌታ በእግራቸው ወደ ሆላንድ ተሻግረው አራት ዓመት በስደተኞች ሰፈር ኖሩ። ኮሌታ ስለዚያ ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረች፤ "ሻሼን ስሰጠው እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አንተ አላየኸውም" አለችው። ሬምበርት በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር በአይዘር ግንባር ሞተ።

በ1921 የአንትወርፕ ሰዎች የከበባውን ዘመን ታሪክ የሚጽፍ ጉባኤ አቋቋሙ። አስር አለቃ ማቲስ በአንድ እግሩ እያነከሰ ዳቦውን ይጋግር ነበር፤ ለጉባኤው በጻፈው ደብዳቤም፣ ከአንትወርፕ እስከ ሲንት ኒክላስ ደሙን በአውራ ጣቱ ገድቦ ያዳነውን ሽበታም አሽከር አመሰገነ፤ ስለ ነጂው ግን አንቀላፍቶ ነበርና የሚያስታውሰው አልነበረም። ጉባኤው አሽከሩን ፈልጎ አገኘው። ፖሊዶር ጥቁር ልብሱን ለብሶ ሄደና በጸሐፊው ፊት ቆሞ ሙጫውን፣ ሳንቃውን፣ ማክሰኞን፣ ሁሉን ሳያስቀር ተናገረ። ጸሐፊው ብዕሩን አስቀምጦ አደመጠው፤ ሲጨርስም፣ "እንዲህ ያለ ክፉ ቀን ያየ ሰው ራሱን መክሰሱ የተለመደ ነው፤ ትሑት ሰው ነዎት" አለው፤ መጽሐፉም በታተመ ጊዜ "ትሑቱ ፖሊዶር ስታልማንስ" የሚል በውስጡ ተገኘ።

ታሪክ የጮኸውን ይሰማል፤ የፈሰሰውን ደም ይመዘግባል፤ ደሙን የገደበችውን ጣት ያከብራል። ሳትዘልል ስለ ቀረችው መኪና፣ ሳይነገር ስለ ቀረው ክስ የሚጽፍበት ገጽ የለውም። በሠራዊቱ መዝገብ ላይ ሬምበርት ያለው አንድ መስመር ነው፤ ስሙ፣ የትውልድ ከተማው፣ "ሾፌር" የሚል ቃልና የሞተበት ቀን። ፖሊዶር ያን መስመር በዓይኑ ዐይቶታል ይባላል። ለረጅም ጊዜ ሲመለከተው ቆይቶ፣ እርሱን የሚያወድሰው መጽሐፍ በብብቱ እንዳለ፣ ውዳሴም ሐሰትም በሌለባት በዚያች መስመር ቀንቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ።