ዝግታና የድንጋይ አጥሮቹ

ከወንዝ ራቅ ብሎ በሚገኝ ቁጥቋጦ ውስጥ፣ ዝግታ የምትባል ኤሊ ትኖር ነበር።

አንድ ቀን ሰውነቷ ከበዳት። ሆዷ ውስጥ ክብ ክብ፣ ነጭ ነጭ እንቁላሎች ነበሩ።

«ወንዙ ዳር ለስላሳ አፈር አለ። እንቁላሎቼን እዚያ እቀብራለሁ» አለችና መንገድ ጀመረች።

ቀስ… ቀስ… ቀስ…

ዱሮ መንገዱ ሣር ነበር። ሲርባት ቅጠል፣ ሲደክማት ጥላ ታገኝ ነበር።

አሁን ግን አዲስ ሰፈር ተሠርቷል። ቤት፣ አጥር፣ ሲሚንቶ። ቤት፣ አጥር፣ ሲሚንቶ።

ሲሚንቶው ፀሐይ መትቶት እግሯን ፈጃት። «ኡፍ! ደከመኝ… ግን ትንሽ ልሂድ» አለች።

ኳ! ኳ! ኳ! አንዲት ግንደ ቆርቁር የመብራት ምሰሶ ትቆረቁራለች። ምሰሶው ግን ሲሚንቶ ነው፤ አይበሳም።

«እህቴ፣ ምን እየሠራሽ ነው?» አለች ዝግታ።

«ጎጆዬን ነዋ! ዛፌን ቆረጡብኝ፤ ምንቃሬም ዛለ።»

«ሌሎቹ ወፎችስ የት አሉ?»

«ዛፍ ወዳለበት ሄዱ። እኔም መሄዴ ነው» አለችና፣ ብርርር ብላ በረረች።

ዝግታ ክንፍ የላትም። «ኡፍ! ደከመኝ… ግን ትንሽ ልሂድ።»

ቀስ… ቀስ… ድው! አፍንጫዋ ከድንጋይ አጥር ጋር ተጋጨ።

ወደ ቀኝ ሄደች፤ አጥር። ወደ ግራ ሄደች፤ አጥር።

ከሥሩ ልትቆፍር ሞከረች። ጫር! ጫር! ጫር! ከሥሩም ሲሚንቶ ነው።

«ኡፍ! ደከመኝ» አለች። አሁን «ትንሽ ልሂድ» አላለችም። አንገቷን ድንጋይ በመሰለው ልብሷ ውስጥ ከተተች።

ከአጥሩ ወዲያ ትርሲት የምትባል ልጅ ነበረች። ጫር ጫር ሲል ሰምታ በሩን ከፍታ ወጣች።

«አባዬ! አባዬ! ኤሊ! ቶሎ ና!»

አባቷ አቶ ደምሰው ግንበኛ ነው። ገና ከሥራ መግባቱ ነበር፤ እጁ በሲሚንቶ እንደ ነጣ ደረጃው ላይ ተቀምጧል።

«ደክሞኛል፣ ልጄ» አለ። ግን ተነሣ።

ዝግታን በቀስታ አነሣት። «ከባድ ናት። እንቁላል ይዛለች መሰለኝ፤ ወደ ወንዙ እየሄደች ነው።»

«ታዲያ በየት ትለፍ?»

አቶ ደምሰው አጥሩን አየው። የገነባው ራሱ ነው። «መንገዷን የዘጋሁት እኔ ነኝ» አለ።

«ተሸክመን እናድርሳት!»

«ዛሬስ እናድርሳት። በሚቀጥለው ዓመትስ? ልጆቿስ በየት ያልፋሉ?»

መዶሻና መሮ አመጣ። «ቀኑን ሙሉ ስገነባ ውዬ፣ አሁን ደግሞ ላፍርስ!»

ቋ! ቋ! ቋ! ከአጥሩ ሥር አንድ ድንጋይ ወጣ።

በግቢያቸውና በወንዙ መካከል የጎረቤታቸው የእትዬ ጽጌ ግቢ አለ። እሱም ዙሪያውን አጥር ነው።

እትዬ ጽጌ ጎመናቸውን ውኃ ሲያጠጡ ድምፁን ሰምተው መጡ። አቶ ደምሰውም ስለ ኤሊዋ ነገራቸው። «አቶ ደምሰው፣ ምነው? አጥሬን ከበሱብኝ ውሻ ይገባብኛል!»

ትርሲት በሆዷ ተኝታ ጭንቅላቷን በቀዳዳው ልታስገባ ሞከረች። «እዩ፣ እትዬ! ጭንቅላቴ እንኳ አይገባም። የኤሊ በር ነው!»

እትዬ ጽጌ ሣቁ። «እሺ፣ በሱት። ብቻ ጎመኔን እንዳትጨርስብኝ!»

ቋ! ቋ! ቋ! ከእትዬ ጽጌም አጥር አንድ ድንጋይ በዚህ፣ አንድ ድንጋይ በዚያ፣ በወንዙ በኩል፣ ወጣ።

አቶ ደምሰው ዝግታን ቀዳዳው ፊት አስቀመጣትና ራቅ አለ።

ቀዝቃዛ ነፋስ መጣ። ነፋሱ ወንዝ ወንዝ ይሸታል! ዝግታ አንገቷን አወጣች።

ቀስ… ቀስ… በአንደኛው በር አለፈች። በሁለተኛው አለፈች። አንድ የጎመን ቅጠል ቀመስ አደረገች። በሦስተኛውም አለፈች።

ወንዙ ዳር ለስላሳውን አፈር በኋላ እግሮቿ ቆፈረች። እንቁላሎቿን ጣለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት!

አፈር አለበሰቻቸውና ዓይኗን ጨፈነች።

እቤት አቶ ደምሰው እራቱን ሳይጨርስ ወንበሩ ላይ አንቀላፋ። ትርሲት ጫማውን አወለቀችለት፤ ጋቢም አለበሰችው።

«አባዬ፣» አለች በጆሮው፣ «ነገ አጥር ስትገነባ ለትንንሾቹ በር ትተዋለህ?»

«እተዋለሁ» አለ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ትርሲትም ጋቢው ውስጥ ገብታ፣ ደረቱ ላይ ተኛች።