እግር ያልገጠመው ሰልፍ

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በሰባተኛው ዓመት፤ ዝናቡ አባርቶ የዋናው መንገድ ድንጋይ ከጭቃው ብቅ ብቅ ማለት በጀመረበት ሰሞን፤ በአንዲት የወንዝ ዳር ከተማ ትምህርት ቤት የወላጆችና የመምህራን ኅብረት ለስብሰባ ተጠራ። ስብሰባው በአንደኛ ክፍል ውስጥ ነበርና የተከበሩት የኅብረቱ አባላት ለሕፃን በተሠራ ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አገጫቸው ድረስ አጥፈው ተቀመጡ፤ በዚያ አቀማመጥ ማዕረጉን ጠብቆ መታየት የቻለ አንድም ሰው አልነበረም።

ጉዳዩ የስካውት ቡድን ማቋቋም ነበር። ፈቃዱ ከበላይ መጥቷል፤ ደንቡ ግን ቡድኑ ኃላፊነቱን የሚወስድለት ደጋፊ ይኑረው ይላል። ኅብረቱ በሙሉ ድምፅ ከተስማማ ደጋፊው ኅብረቱ ይሆናል፤ አንድ ሰው እንኳ እምቢ ካለ ግን ልጆቹን በደስታ እንደሚረከባቸው ከወንዙ ማዶ ያለው የጦር ሰፈር አዛዥ፤ ሻለቃው፤ አስቀድሞ መልእክት ልኳል።

«የተስማማችሁ እጃችሁን አውጡ» አሉ ዲሬክተሩ። ሁሉም አወጣ፤ ከልብስ ሰፊዋ በቀር።

ማንም አልገረመውም። የበኩር ልጇ በጦርነቱ ጊዜ በታምቡር ታጅቦ፤ በገዛ መስኮቷ ሥር አልፎ፤ ሄዶ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ የሰልፍ ኮቴ በሰማች ቁጥር መስኮቷን ዘግታ የስፌት መኪናዋን እስኪያቃስት ድረስ ትረግጠዋለች። አሁን የቀራት አንድ ልጅ ነው፤ እሱ ደግሞ ስካውት ካልሆንኩ ብሎ እናቱን መቆሚያ መቀመጫ አሳጥቷታል።

«እትዬ፤ ስካውት እኮ ወታደር አይደለም» አሉ ዲሬክተሩ። «ገመድ መቋጠር ነው፤ ድንኳን መትከል ነው፤ አሮጊት መንገድ ማሻገር ነው።»

«አሮጊት ለማሻገር ግራ ቀኝ ምን ያደርጋል? ትናንት በግቢው ለሙከራ ብለው ሲያስረግጧቸው ሰምቻለሁ።»

ዐይን ሁሉ ወደ ሃምሳ አለቃው ዞረ። ሃምሳ አለቃው ጡረታ ወጥቶ ለቡድኑ መሪነት የታጨ ሰው ነው፤ ገበያ ሲሄድ እንኳ በትንፋሹ እየቆጠረ ስለሚራመድ ከተማው «ግራ ቀኝ» ብሎ ይጠራዋል።

«እመቤቴ፤» አለ ደረቱን ነፍቶ፤ «እግር ካልገጠመ ሰልፉ ምኑን ሰልፍ ሆነ?»

«ጋሼ፤ የልጄን ኮቴ ገና ከደረጃው ሥር እለየው ነበር» አለች። «የዚያን ቀን ግን በመስኮቴ ሥር ሲያልፍ የቱ የሱ እንደሆነ ጠፋኝ። ሁሉም አንድ ላይ ነበር የሚያርፈው።»

ሃምሳ አለቃው የነፋውን ደረት ቀስ ብሎ አስተነፈሰ።

«እጄን አወጣለሁ» አለች በመጨረሻ። «ካኪውንም እኔው እሰፋለሁ። እግራቸው ግን አይገጥምም። ይህ በደንባችሁ ይግባልኝ።»

ዲሬክተሩ ደንቡን ከላይ እስከ ታች ፈተሹ፤ ልጅ ሁሉ በገዛ እግሩ አይሂድ የሚል አንቀጽ አጡበት። ስምምነቱ ጸደቀ።

ሃምሳ አለቃው በማግስቱ ሥራ ሲጀምር ጉድ ፈላ። የልጅ እግር በራሱ ከተተወ ይገጥማል! ሠራዊት ሲያሠለጥን እንዲያ ሲለምነው እምቢ ያለው ነገር አሁን ሳይጠራ ይመጣል። «አንተ ሦስተኛው! ገጠምክ! ወደ ኋላ!» እያለ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ። ላብ በላብ ሆኖ ሳለ ሁለት ልጆች ስለ ኳስ ሲጨቃጨቁ እግራቸው መለያየቱን አየ፤ ወዲያው በየትኛውም የጦር መጽሐፍ ውስጥ የሌለ ትእዛዝ አወጣ።

«ቡድን! አውራ!»

ልጆቹ ክው አሉ። አውሩ ሲባሉ ወሬው ከሁሉም አፍ ጠፋ።

«ምን እናውራ ጋሼ?»

«እኔ ምን አውቄ! ስለ ምሳችሁ አውሩ!»

የልብስ ሰፊዋ ልጅ ያን ዕለት አኩርፎ ቤት ገባ።

«ተቀጣሁ፤ እማዬ።»

«ደግሞ ምን አጥፍተህ?»

«ዝም ብዬ።»

እናትየው መርፌዋን አስቀምጣ ሳቀች፤ ከዚያ መኪና በላይ ሳቅ ከተሰማ ብዙ ዘመን ሆኖት ነበር።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፤ ግን አዲሱ አገረ ገዥ ከተማዋን ሊጎበኙ መሆኑ ተሰማ። በዋዜማው ከቀትር በኋላ ዲሬክተሩ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ልብስ ሰፊዋ ቤት መጡ።

«ለነገ ብቻ ይግጠም» አሉ። «ሻለቃው ከገዥው ጎን ነው የሚቆመው። ገዥው ከተቀየሙ ቡድኑ ወደ ጦር ሰፈሩ ይሄዳል፤ ያኔ ልጅዎ ታምቡር የሚከተለው አንድ ቀን ሳይሆን ሁልጊዜ ነው።»

ሴትዮዋ የመኪናውን መዘውር በመዳፏ አቆመችው። እውነታቸውን እንደሆነ ገባት፤ እሺታ ግን ከአፏ አልወጣም።

«ለሃምሳ አለቃው ይንገሯቸው» አለች። «ልጆቹ በእጃቸው ናቸው። እኔ መስኮቴን እዘጋለሁ።»

በማግስቱ ዘጋችው። ታምቡሩ መጣ፤ ከኋላው የጦር ሰፈሩ ሰልፈኞች እንደ አንድ ትልቅ መዶሻ መንገዱን እየወቀጡ አለፉ። እሷም መኪናዋን ረገጠች። ከዚያ በኋላ የመጣው ድምፅ ግን እግሯን አስቆመው፤ ቆርቆሮ ላይ መውረድ የጀመረ ዝናብ ይመስል ነበር፤ የተበታተነ፤ ችኩል፤ መሀል መሀሉ ላይ ሳቅ ያለበት። ከዚያ ሁሉ መካከል ተረከዙ የተበላ አንድ የግራ ጫማ ድንጋዩን ሸርተት እያደረገ ሲመጣ ለየችው። ልጇ ነው። መስኮቱን ከፈተች።

ከፊት ሃምሳ አለቃው ጥርሱን ነክሶ፤ ደም ሥሩ ተገትሮ፤ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ከማንም ሳይገጥም ይራመድ ነበር። ከመስኮቱ ማዶ በተሠራው የክብር መድረክ ላይ ዲሬክተሩ ዐይናቸውን ጨፈኑ። ሻለቃው ፈገግ አለ። አገረ ገዥው ምርኩዛቸውን አነሡ፤ ቡድኑም ቆመ።

«ምን እያወራችሁ ነው?»

«ድንኳኑ ውስጥ ማን በሩ ጋ እንደሚተኛ ነው፤ ክቡር ሆይ» አለ የልብስ ሰፊዋ ልጅ። «ይሄኛው ያንኮራፋል።»

«ውሸቱን ነው!» አለ ይሄኛው።

አገረ ገዥው ወደ ሃምሳ አለቃው ዞሩ። «እግራቸው ለምን አይገጥምም?»

«ደጋፊያችን አልፈቀደልንም፤ ክቡር ሆይ!»

«ደጋፊያችሁ ማነው?»

ሃምሳ አለቃው ወደ መስኮቱ ሰላምታ ሰጠ። «ወላጆቻቸው ናቸው።»

ገዥው ቀና ብለው፤ መቀስ ባንገቷ ያንጠለጠለችውን ሴት ረዘም አድርገው አዩአት። ከዚያም ከመድረኩ በምርኩዝ ወረዱ።

«ከቆሰልኩ ወዲህ» አሉ፤ «እግሬ ከሰው ገጥሞ አያውቅም። ከእናንተ ጋር ሳይሻለኝ አይቀርም።» ይህን ብለው ከልጆቹ መሀል ገቡና ስለ ማንኮራፋት እየተከራከሩ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ሄዱ። ቡድኑ የጦር ሰፈሩ አልሆነም።

የዘመኑ ጋዜጣ ክቡር አገረ ገዥው የስካውት ቡድኑን እንደ ጎበኙና በጥብቅ ሥነ ሥርዓቱ እንደ ተደሰቱ ጻፈ፤ ስለ መስኮቱም ስለ ሴትዮዋም አንድ ቃል አላነሣም። ገዥው ተሻሩ፤ ሻለቃው የአንድ መንገድ ስም ሆኖ ቀረ፤ ሃምሳ አለቃውና ልብስ ሰፊዋ ዐፈር ከለበሱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ያ ቡድን ግን ዛሬም በከተማይቱ መንገድ ሲያልፍ እያወራ ነው፤ ዝም ያለ ልጅ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ አዲስ ገቢዎች ለምን እንደሆነ ሲጠይቁም መሪዎቹ እርስ በርስ ይተያዩና «ድሮም እንዲህ ነው» ይሏቸዋል።