በስልኩ ውስጥ ያለው ልጅ

«እናትሽ ጣታቸው ደረቅ ነው?»

ሂንድ በትክክል የሰማች አልመሰላትም። ኮምቦልቻ ላሉት እናቷ ስልክ ልትገዛ ገብታ ስለ ጣታቸው የሚጠይቅ ነጋዴ አጋጥሟት አያውቅም። ከአገር ርቃ በምትኖርበት ከተማ፣ ካባላጋላ በሚባለው ሰፈር ካሉት የስልክ ሱቆች ሁሉ ይህች ጠባቧ ናት፤ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። ከባንኮኒው ጀርባ ያለው ልጅ ረጅምና ዝምተኛ ይመስላል፤ ግራ ቅንድቡን ጠባሳ ለሁለት ከፍሎታል።

«የእናቴ ጣት አንተን ምን አገባህ?» አለችው።

«ስልኩን የሚነካው እሱ ነዋ።»

ሳይቆጣ አስረዳት። ሥራ ያደረቀው ጣት ርካሽ ስክሪን ላይ እሺ እንደማይል፣ እናቶችም ስልኩ የተበላሸ መስሏቸው ሣጥን ውስጥ ቆልፈው እንደሚያስቀምጡት። ከዚያ ጥያቄውን ቀጠለ። ዓይናቸው እንዴት ነው? ጆሯቸውስ? ኮምቦልቻ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋል? ስልኩን በእጃቸው ይይዙታል ወይስ የሆነ ነገር ላይ ያስደግፉታል?

ሂንድ እንዲህ ያለ ነገር ትወዳለች። እሷ ራሷ ያላወቀችው ነገር ካለ እንቅልፍ አይወስዳትም። ኪሱጉ በሚባለው ሰፈር፣ እሷ ከምትሠራበት ከአክስቷ ከጀሊላ ምግብ ቤት የሚበላ ሰው ሁሉ ከየት እንደመጣ፣ ለምን እንደመጣና መቼ እንደሚመለስ ሳትጠይቀው ሒሳብ አትቀበልም። «አንቺስ ለፖሊስ ነበር የምትሆኚው» ትላታለች አክስቷ። ዛሬ ግን የባሰ ጠያቂ ገጠማት።

እናቷ ወይዘሮ ሱልጣና ኮምቦልቻ ብቻቸውን ናቸው። ያላቸው ስልክ ከመጮህ ሌላ ሙያ የለውም። በደወለች ቁጥር አንድ ነገር ይሏታል፦ «ድምፅሽማ ይሰማኛል። መክሳት አለመክሳትሽን ግን ድምፅ አይናገርም።» ስለዚህ ሂንድ አራት መቶ ሺህ ሺልንግ አጠራቀመች። እሷም ያለቻት ይህቺው ነች።

ዓይኗ መጀመሪያ ያረፈው መስታወቱ ውስጥ በተቀመጠ ታብሌት ላይ ነበር። ትልቅ ነው፣ ያምራል፣ ዋጋውም ካጠራቀመችው በታች ነው። ልጁ ግን ራሱን ነቀነቀ።

«ይሄ ሲም ካርድ አይወስድም። እናትሽ ቤት ዋይፋይ አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው ውድ መስታወት ነው የምትልኪላቸው።»

አራት ካሜራ ያለውን ስታነሳ፣ እናትሽ ሠርግ ሊቀርጹ ነው ወይ ብሎ አሳቃት። ከዱባይ የመጣውን ያገለገለ ስልክ ደግሞ ራሱ አውርዶ አሳያት፤ ስክሪኑ እንደ ብርሃን ነው፣ ባትሪው ግን ስለደከመ መብራት በጠፋ ቀን አብሮ ይጠፋል። በመጨረሻ አንድ ዝም ያለ ጥቁር ስልክ ላይ ጣቱን አሳረፈ። ስክሪኑ ሰፊ ነው፣ ድምፁ ጎረቤት ድረስ ይሰማል፣ ባትሪው ወፍራም ነው። ዛሬ ግን አትግዢው አላት፤ በሚመጣው ሳምንት አዲስ ዕቃ ሲገባ እንደሚቀንስ ነገራት።

ሂንድ ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ብስክሌት ላይ ተቀምጣ ስትመለስ ሐሳቧ ሁሉ ልጁ ላይ ነበር። ዛሬ አትግዢ የሚል ነጋዴ ምን ዓይነት ነጋዴ ነው?

በሳምንቱ ተመልሳ ስልኩን ገዛች፤ ለእናቷ እንዲመች አድርጎ እንዲያዘጋጀውም እሱው ዘንድ ተወችው። ከዚያ በኋላም ተመለሰች። አንድ ቀን ስለ ቻርጀር ልትጠይቅ፣ ሌላ ቀን የሽፋኑን ቀለም ልታስቀይር፣ አንድ ቀን ደግሞ ምክንያቱን መንገድ ላይ ረስታው ገባች። ስሙ ኡዋይስ አብዱልወሀብ ነው፤ የጅማ ልጅ። እናቱ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗታል። የገዛውን ሮሌክስ፣ እንቁላል የተጠቀለለበትን ቂጣ፣ ለሁለት ቆርጦ እንቁላል የበዛበትን ወገን ይሰጣታል፤ እሷም እንዳላየች ትበላለች። ከሱቁ በወጣች ቁጥር ሳቅ ሳቅ ይላት ጀመር... ፍቅር መሆኑን ለማወቅ ምርመራ አላስፈለጋትም።

ችግሩ፣ በዚያው ሰሞን ሰላሃዲን የሚባል ሰው መጣ። ከተማ መሀል ልብስ በጅምላ የሚሸጥ፣ የተከበረ፣ ጨዋ ነጋዴ ነው። ለጀሊላ ሂንድን እንደሚፈልግ ነገራት። ሂንድን ግን አንድም ነገር አልጠየቃትም። ጀሊላ በደስታ ለእህቷ ለወይዘሮ ሱልጣና ደወለች። እሳቸውም መልስ የሰጡት በአጭሩ ነው፦ «ልጁን በዓይኔ ሳላየው ቃል አልሰጥም።» ሂንድ በዚያ ቃል ተደብቃ ትንሽ ጊዜ አገኘች።

ስልኩ የተላከው በጥድፊያ ነው። ሲቲና የምትባል ጎረቤታቸው ወደ አገር ቤት የምትሄድበት በረራ ቀኑ ተቀየረና፣ ኡዋይስ እያዘጋጀው የነበረውን ስልክ ይዞ በቦዳ እየበረረ ኪሱጉ ደረሰ። የሂንድን ፎቶ አውራ ጣት በሚያህል መጠን ስልኩ ፊት ላይ አድርጎታል፤ እናትየው እሱን ከነኩ በቪዲዮ ይደውላል። ሂንድ ከፍታ ለማየት እንኳን ጊዜ አልነበራትም። ሲቲና ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ሄደች።

ከአምስት ቀን በኋላ የሂንድ ስልክ ጮኸ። ስክሪኑ ላይ መጀመሪያ ጣሪያ ታየ፣ ከዚያ ጆሮ፣ ከዚያ የእናቷ ፊት።

«ከስተሻል» አሉ እናትየው። ሂንድ እያለቀሰች ሳቀች።

በማግስቱ ለኡዋይስ ልትነግረው ሮጠች። እንዴት እንደምትጀምርለት መንገዱን ሙሉ ስታወጣ ስታወርድ ነበር። እሱ ግን ቀና ብሎ እንኳን በደንብ አላያትም።

«ምን ልታዘዝ፣ እህቴ?»

«ስልኩ ደረሰ። እማዬን አየኋት።»

«አልሃምዱሊላህ።»

መልሶ ሥራው ላይ አቀረቀረ። ምን አሉ አላላትም፣ ድምፁ ይሰማል ወይ አላለም፣ አንድም ጥያቄ አልጠየቃትም። አጠገቧ የቆመችውን ደንበኛ ግን ባሏ ስልክ ከእጁ ይጥላል ወይ እያለ ሲጠይቅ ሂንድ ሰማች። ለሁሉም ሰው ጥያቄ ያለው ልጅ ለእሷ ብቻ እንዴት አለቀበት? ደጋግማ አሰበችው። አጥፍታ ይሆን? ሌላ ሴት አለችው? ወይስ መጀመሪያውኑም ሥራው እንጂ እሷ አልነበረችም?

ሁለት ሳምንት አለፈ። አንድ ማክሰኞ ጀሊላ እልል ለማለት ትንሽ ቀርቷት ወደ ማድቤት ገባች። ወይዘሮ ሱልጣና ቃላቸውን ሰጥተዋል፤ የሰላሃዲን ሽማግሌዎች ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ይመጣሉ። ልጁ በቪዲዮ ደጋግሞ አነጋግሯቸዋል አሉ። «እኔን ሳይጠይቅ ቁጥሩን ከየት አመጣው? ቀልጣፋ ልጅ ነው» አለች ጀሊላ። ሂንድ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። ሽማግሌ ፊት እሺ ከተባለ ወደ ኋላ መመለስ እንደሌለ ታውቃለች። የእናቷን ቃል አዋርዳ ደግሞ መኖር አትችልም።

ቢሆንም የማወቅ አመሏ አልተዋትም። ሰላሃዲን እሷን እንኳን ለማነጋገር ጊዜ የሌለው ሰው፣ ኮምቦልቻ ያሉ አሮጊት ለማነጋገር ጊዜ ከየት አገኘ? ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋችና ለእናቷ ደወለች።

«እማ፣ ልጁን በምን ወደድሽው?»

«አብሽሪ ልጄ፣ ደህና ሰው ነው። ድምፁ ቢጠፋብኝ አሳየኝ፣ ፊደሉ ቢያንስብኝ ማተለቂያውን መራኝ። አንዱን ነገር ሦስት ቀን ብጠይቀው አልሰለቸኝም። እኔን የታገሠ አንቺን ይታገሣል። አንድ ነገር ብቻ ግራ ገብቶኛል።»

«ምን?»

«ልብስ ነጋዴ ነው አላችሁኝ። ከኋላው ተሰቅሎ የማየው ግን ሁሉም የስልክ ከቨር ነው።»

ሂንድ የተቀመጠችበት ጆንያ ላይ ተስተካከለች። ቅንድቡ እንዴት ነው ብላ ጠየቀች። ግራውን ጠባሳ ከፍሎታል አሉ እናትየው፤ ልጅ ሆኖ ከማንጎ ዛፍ ወድቆ ነው ብሎኛል አሉ።

«ሰላሃዲን መሆኑን ማን ነገረሽ?»

«ሌላ ማን ሊሆን ነው? የጎረቤታችን ልጅ ስትታጭ ልጁ መጀመሪያ የላከው ለእናቷ ስልክ ነው። የኔም መጣ። ስከፍተው ያንቺ ፎቶ አለ፣ ካጠገብሽ የሱ አለ፤ ካንቺ ጋር እንደጨረስኩ የሱን ነካሁት። ሰላሃዲን ልጄ ብዬ አመሰገንኩት፣ መረቅሁት። አሜን አለኝ።»

ሂንድ ቶሎ ገባት። ኡዋይስ ስልኩን ሲሞክር የገዛ ቁጥሩን ከነፎቶው አስገብቶ፣ በጥድፊያው ሳያጠፋው ቀርቷል። እሱም የእናቷን ምርቃት ሰምቶ፣ ሂንድ ለሌላ ሰው የታጨች መሆኗን አምኗል። ለእናቷ መልሳ እንደምትደውል ነገረቻቸው። ከጓዳ ስትወጣ ለአክስቷ ሰላሃዲንን እንደማታገባ ቁርጡን ነገረቻት። ጀሊላ ጮኸች፣ ዓርብ ምን ብዬ ልቀመጥ አለች፣ ሰው ምን ይለናል አለች። ሂንድ ነጠላ ጫማዋን እንኳን ሳትቀይር ወጣች።

ኡዋይስ ብቻውን ነበር። ሲያያት ሊቆም ሞክሮ ወንበሩና ባንኮኒው መሀል ተቀረቀረ።

«ለምን አልነገርካትም?» አለችው።

ምን ለማለት እንደፈለገች አልጠየቃትም።

«መጀመሪያ ልነግራቸው ነበር። ግን እየመረቁኝ ነው... እያለቀሱ። እንዴት ላቋርጣቸው? በማግስቱ ደግሞ ድምፅ ጠፋብኝ ብለው ደወሉ። ስሜን ብነግራቸው ሁለተኛ አይደውሉልኝም ብዬ ፈራሁ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ልጄ ብሎ የጠራኝ ሰው የለም፣ ሂንድ።»

«እኔንስ ለምን አልጠየቅኸኝም?»

«አንቺማ የሰው ነሽ ብዬ ነው። የእሳቸውን ቁጥር መዝጋት እችል ነበር። አንቺን ካጣሁ እሳቸው እንኳን ይቅሩልኝ ብዬ...»

ሂንድ ልትቆጣው መጥታ ነበር፤ ቁጣው ግን እግሯ ሱቁ ደፍ ላይ ሲደርስ ጥሏት ሄዷል። በሰላሃዲን ስም ያለ ፈቃዱ መነገዱ ጥፋት መሆኑን ነገረችው፤ ጥፋቱን አምኖ አንገቱን ደፋ። ከዚያ እዚያው ቆማ ለእናቷ ደወለችና እውነቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አወራች። ስልኩን የገዛችው በራሷ ደሞዝ ነው። በስልኩ ውስጥ ያለው ልጅ ሰላሃዲን አይደለም። እሷ የምትወደውም እሱን ነው። እናትየው ሰምተው ሲጨርሱ ስልኩን ዘጉት።

ደጋግማ ብትደውል አይነሳም። ሂንድ የዕቃ ካርቶን ላይ ተቀመጠች። እናቷን አዋርዳለች፣ አክስቷን አስቀይማለች፣ ምናልባት ይህንንም ልጅ አጥታለች። ኡዋይስ ውሃ ሊሰጣት ጎንበስ ሲል የእሱ ስልክ ጮኸ። ስክሪኑ ላይ ወይዘሮ ሱልጣና ነበሩ። አነሳው።

«ስምህ ማን ነው?» አሉት።

«ኡዋይስ አብዱልወሀብ።»

«ለምን ዋሸኸኝ?»

«ስሜን አልደበቅሁም ብል ሌላ ውሸት ይሆንብኛል፣ እናቴ። ዝም አልኩ፤ ዝም ማለቴ ጥፋት ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

ወይዘሮ ሱልጣና ስልኩን ወደ ፊታቸው አስጠጉ።

«ልጄን ትፈልጋታለህ?»

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።»

«እንግዲያው ሽማግሌ ላክ። በገዛ ስምህ።»

ለሰላሃዲን የነገሩት ወይዘሮ ሱልጣና ራሳቸው ናቸው፤ ደውለው በክብር ይቅርታ ጠየቁት። ጨዋ ነው፣ ቅር ቢለውም ክፉ ቃል አልወጣውም። ጀሊላ ግን አሥር ቀን ሙሉ ሂንድን አላናገረቻትም። ቢሆንም የኡዋይስ ሽማግሌዎች ሲመጡ የምግብ ቤቱን ምርጥ ምንጣፍ ያነጠፈችው እሷ ናት።

ሦስት የጅማ ሰዎች ተቀመጡ። ወይዘሮ ሱልጣና ደግሞ በስልክ ሆነው ትራስ ላይ ተደገፉ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠርጎ እንደ ወጉ የልጁን ጠባይ መናገር ጀመረ፦ ትዕግሥተኛ ነው፣ ሰው አክባሪ ነው፣ ዲኑን አዋቂ ነው... እናትየው ከስክሪኑ ውስጥ እጃቸውን አነሱ።

«ስለ ልጁ አትድከሙ፤ ልጁንስ እኔ አውቀዋለሁ» አሉ። «ስሙን ብቻ ነበር የማላውቀው።»

ሂንድ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ሰማቻቸው። ኒካሁ፣ የጋብቻቸው ቃል ኪዳን፣ ለረቢዕ አል-አወል ወር ተቀጠረ።