አንዴ ጠይቅ

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የአራተኛው ክፍል በር መብራት አረንጓዴ ነበር። ዋና መሐንዲሱ ግን ከበሩ ሦስት እርምጃ ገባ ብለው፣ ከፖም ሣጥኖቹ ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። ደም የለም፤ የትግል ምልክት የለም። መነጽራቸው እንኳ አልተሰበረም።

ሬሳውን ያወጡት ሰዎች የአየር ጭንብል አድርገው ነው የገቡት። ፖም ለወራት ሳይበላሽ እንዲቆይ በሚዘጋበት ክፍል ውስጥ ኦክስጅን ሆን ተብሎ ይቀነሳል፤ ሁለት ከመቶ ገደማ ብቻ ይቀራል። እዚያ ገብቶ ሁለቴ የተነፈሰ ሰው ሦስተኛዋን አያገኛትም። በሩ ራሱ ዘበኛ የሆነውም ለዚህ ነው። ሴንሰሩ አየሩን ይለካል፤ የመቆጣጠሪያው ፕሮግራም አየሩ ንጹሕ እስኪሆን ድረስ ማራገቢያውን ያሠራል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ አረንጓዴውን አብርቶ ቁልፉን ይለቃል። ድርጅቱ እንዲህ ያሉ በሮችን ለራሱም ለደንበኞቹም መጋዘን ይሠራል፤ የነደፏቸውም ሟቹ ራሳቸው ነበሩ። የኪስ መለኪያቸውን ቢሯቸው ቻርጅ ላይ ትተው፣ የገዛ በራቸውን አምነው ገቡ።

ተርጓሚው ይህን ሁሉ ግድግዳ ተደግፎ አየ። «ተርጓሚው» ያሉት ባልደረቦቹ ናቸው፤ ሥራው ኮምፓይለር ነውና፤ ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ማሽን ወደሚገባው ቋንቋ የሚመልስ መሣሪያ። የሟች ልጅ ባል ነው። ለሚስቱ ደውሎ የነገራት እሱ ነበር፤ በምን ቃል እንደነገራት ግን አያስታውስም።

መርማሪዋ በሦስት ሰዓት ደረሰች። ጡረታ ለመውጣት ስድስት ወር የቀራት፣ ጫማዋ ድምፅ የማያሰማ ሴት ናት። ዱቄቱን አሳልፋ እንክርዳዱን ስለምታስቀር ጣቢያው ውስጥ «ወንፊት» ይሏታል።

«የበሩን ፕሮግራም ማን ጻፈው?» አለችው።

«የፕሮግራም ክፍል ኃላፊዋ። አሁን መስመር በመስመር አየሁት፤ እንከን የለውም።»

«እንከን የሌለው ነገር ሰው ገደለ?»

ተርጓሚው አንገቱን ደፋ። «የገደልኳቸው እኔ ሳልሆን አልቀርም።»

መርማሪዋ ፊቷ አልተለወጠም። ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እንደ ሕፃን አስረዳኝ፤ አላፍርም።»

«ኮምፓይለሩ ለማንም ክፍት ነው፤ የፈለገ ኮዱን አንብቦ ያሻሽለዋል። እኔም ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት ምልክት ጨመርኩበት፤ ስሟ ‹አንዴ ጠይቅ› ነው። አንድን ሥራ ከሚሠራ የፕሮግራም ቁራጭ፣ ፈንክሽን ከምንለው፣ አናት ላይ ትጻፋለች። ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው ብለው ሺህ ጊዜ ቢጠይቁኝ መልሴ ያው ሃምሳ ስድስት ነው። እንዲህ ያለ ስሌት ላይ ምልክቷ ካለች ፕሮግራሙ አንዴ ይጠይቅና የሰማውን ይዞ ይቀጥላል። ድካም ይቀንሳል፣ ፍጥነት ይጨምራል።»

«ስንት ሰዓት ነው ብዬ ብጠይቅህስ?»

«ያኔ ጉድ ፈላ። ጠዋት የሰማውን ቀኑን ሙሉ ሲደግም ይውላል።»

«አየሩ እንዴት ነው ብልህስ?»

ተርጓሚው ኮምፒውተሩን ወደ እሷ አዞረ።

«ጽሑፉ ላይ ምልክቷ አለች?»

«የለችም።»

«በሩን የሚያዘው መቆጣጠሪያ ሣጥን ውስጥ ያለው ፕሮግራም ከዚሁ ጽሑፍ መተርጎሙን በምን አወቅህ?»

ይህን አላሰበውም ነበር። መቆጣጠሪያ ሣጥኑ ውስጥ ያለውን አወጣ፤ ጽሑፉን እንደገና ተረጎመ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። አይመሳሰሉም። ጽሑፉ ሴንሰሩን በየሰከንዱ ይጠይቃል፤ ሣጥኑ ውስጥ ያለው ግን ጠፍቶ ሲነሣ አንዴ ጠይቆ ያንኑ መልስ ይዞ ይኖራል። አንድ ሰው ምልክቷን ጨምሮ ተርጉሞ፣ ሣጥኑ ላይ ጭኖ፣ ከጽሑፉ ላይ መልሶ አጥፍቷታል።

«መቼ?» አለች መርማሪዋ።

«መቆጣጠሪያው እሁድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአሥር ላይ ተዘግቶ ተነሥቷል። የሰማው መልስ ሃያ ነጥብ ዘጠኝ ነው። ክፍሉን ሟቹ ዛሬ ጠዋት ሊከፍቱት ቀጠሮ ስለነበር ማራገቢያው ማታ ተነሣ፤ አየሩ ንጹሕ ነው ስለተባለ ወዲያው ቆመ። የተተረጎመውም በአሮጌው የኮምፓይለር ቅጂ ነው።»

«አሮጌ መሆኑ ምን ለውጥ አለው?»

«አዲሱ እምቢ ይላል። ከወር በፊት አባባ፣ ማለት ሟቹ አማቴ፣ ‹ምልክትህ በስህተት ሴንሰር ላይ ብትቀመጥስ?› ብለው ጠየቁኝ። እኔም እንዳትቀመጥ አድርጌ አስተካከልኩት። ለምን እንደጠየቁኝ ግን አልነገሩኝም።»

መርማሪዋ ደብተሯ ላይ አንድ ቁጥር ጽፋ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። «ተነሥ» አለችው። «እኔ የማይገባኝን እየተረጎምክልኝ ትዞራለህ።»

ሴንሰሮቹን የሚጠግነውን ቴክኒሻን ከአራተኛው ክፍል ጀርባ አገኙት። ባለፈው ዓመት አንድ ደንበኛ መጋዘን ውስጥ አንዲት ፖም አሻጊ ተዝለፍልፋ ወድቃ ነበር፤ ነፍሷ ተረፈ፣ አንደበቷ ግን አልተመለሰም። ሴንሰሩን በትክክል አላስተካከለም ተብሎ እሱ ከኃላፊነቱ ተነሥቶ ተረኛ ሠራተኛ ሆነ።

«እሁድ ስምንት ሰዓት የት ነበርክ?»

«ተረኛ ነበርኩ፤ ጄኔሬተር ቤት። ጄኔሬተሩን ካልጠየቁት ሌላ ምስክር የለኝም።»

«ሟቹን ትጠላቸው ነበር?»

«እሳቸውን? ሁሉም ሲፈርድብኝ ‹ቆይ፣ አንቸኩል› ያሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ስብሰባ ጠርተውኝ ነበር። ‹ደህና ልብስ ለብሰህ ና› አሉኝ።» ከቱታው ሥር የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል።

ሴንሰሩን እንዲያሳያት ጠየቀችው። የክፍሉን አየር ወደ ሴንሰሩ የምታመጣውን ቀጭን ቱቦ ሲያይ ግንባሩ ተቋጠረ። «ይህችን ማን ነካት?» የቱቦዋ ማሰሪያ ቀለበት በፒንሳ ጥርስ ተፋፍቋል። «በጥፍር ጫን ሲሏት የምትለቅ ናት» አለና ከጎኗ ያለችውን የሦስተኛውን ክፍል ቱቦ በአውራ ጣቱ ነካ አድርጎ ነቅሎ አሳያት፤ መልሶም ሰካት። «በፒንሳ የታገላት ሥራውን የማያውቅ ሰው ነው።»

«ይህን ለማንም አታንሣ» አለችው።

ኃላፊዋ ቢሮዋ ውስጥ፣ አንድ ወረቀት ያልተዛነፈበት ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጣለች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ስለ ሴንሰሩ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አለች መርማሪዋ። «‹አንዴ ጠይቅ› የምትባለውን ምልክት ታውቂያታለሽ?»

«ሁላችንም እናውቃታለን። እኔ አሁንም የምሠራው በአሮጌው ቅጂ ነው፤ የለመድኩት ጫማ አይጠበኝም።»

«መቆጣጠሪያው ላይ ፕሮግራም ለመጫን የይለፍ ቃል ያለው ማን ነው?»

«እኔና ተርጓሚው።»

«እሁድ የት ዋልሽ?»

«ቤቴ፤ ልብስ ሳጥብ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ቂም የያዘ ሰው እያለ ከኮምፒውተር ጋር ለምን ይታገላሉ? ቱቦዋን ነቅሎ ንጹሕ አየር ማስለካት ለእሱ ምኑ ይከብደዋል?»

መርማሪዋ አመስግና ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ስትደርስ ወደ ተርጓሚው ዞረች። «አንተስ፣ እሁድ ስምንት ሰዓት?»

«ምሳ ላይ፣ አባባ ቤት። ልጄን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ያጎርሷት ነበር። ባለቤቴን ይጠይቋት።»

«ጠይቄያታለሁ» አለችው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በስብሰባ ክፍሉ ተሰበሰቡ፤ ሥራ አስኪያጁ፣ ኃላፊዋ፣ ቴክኒሻኑ፣ ተርጓሚው፤ አጠገቡ ጥቁር የለበሰች ባለቤቱ። ወደ እሱ አላየችም። ጠዋት በስልክ «ምልክቷ የእኔ ናት» እንዳላት አሁን ትዝ አለው።

«የዚህ ሰውዬ ምልክት ገደለቻቸው ብላችሁ እንደሆነ ተሳስታችኋል» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «ክፍሉ ከተዘጋ ሦስት ወር ሆኖታል። መቆጣጠሪያው እሁድ ሲነሣ የክፍሉን አየር ቢጠይቅ ኖሮ የሚሰማው ‹ሁለት› ነበር። ያንን ይዞ ይኖራል፤ በሩም እስከ ምጽአት አይከፈትም። ብቻዋን ብትሆን ምልክቷ ታድናቸው ነበር።»

ተርጓሚው ቀና አለ።

«የያዘው ግን ሃያ ነጥብ ዘጠኝ ነው። እሱ እኔና እናንተ አሁን የምንተነፍሰው አየር ነው። በዚያች ደቂቃ አንድ ሰው ቱቦዋን ነቅሎ የኮሪደሩን አየር አስሽትቷታል፤ ከዚያ መልሶ ሰክቷታል። ስህተት ቱቦ አይነቅልም። ስለዚህ የምፈልገው ሰው እሁድ ስምንት ሰዓት እዚህ የነበረ፣ የይለፍ ቃልም ያለው ነው።»

ወደ ቴክኒሻኑ አየች። «እሱ እዚህ ነበር፤ የይለፍ ቃል ግን የለውም። ደግሞም እሱ በጥፍሩ የሚነቅላትን በፒንሳ አይታገላትም። ተርጓሚው የይለፍ ቃል አለው፤ በዚያ ሰዓት ግን ከሟቹ ጋር አንድ ማዕድ ላይ ነበር።»

ኃላፊዋ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አጣመረች። «ቀረሁ ማለት ነዋ እኔ። መቅረት ማስረጃ ነው?»

«አይደለም። ግን እኔ የጠየቅኩሽ ስለ ሴንሰሩ ነው፤ ስለ ቱቦዋ ማን ነገረሽ? መነቀሏን የምናውቀው እኛ ሦስታችን ብቻ ነበርን። ፕሮግራሙ የተተረጎመበት ቅጂም ያው አንቺ የለመድሽው ነው።»

መርማሪዋ ድምፅዋን አለዘበች። «ሟቹ ወር ሙሉ የባለፈውን ዓመት ፕሮግራም ሲመረምሩ ነበር፤ ኮምፒውተራቸው ላይ አገኘሁት። አሻጊዋ የወደቀችበት መጋዘን ፕሮግራም ውስጥም ይህችው ምልክት ሴንሰሩ ላይ አለች። ያስቀመጥሻት አንቺ ነሽ። የዚያ መጋዘን መቆጣጠሪያ የተነሣው የፖም ሣጥን ሲገባ፣ በሩ ተከፍቶ ሳለ ነው፤ ንጹሕ አየር ሰማ፣ ከተዘጋም በኋላ ያንኑ ሲያወራ ኖረ። ያኔ ስህተት ነበር። የዛሬው ስብሰባ የተጠራው ለእሱ ነው።»

ኃላፊዋ ያጣመረቻቸውን እጆቿን ፈታች። «ቅዳሜ ጠሩኝ» አለች። «‹ሁለት ቀን አለሽ፤ አንቺው ተናገሪ፣ እኔ አጠገብሽ እቆማለሁ› አሉኝ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?» አለች የሟች ልጅ። ከገባች ጀምሮ ይህ የመጀመሪያ ቃሏ ነው።

«አሥራ ሁለት ዓመት ‹እሷ አትሳሳትም› ስባል ኖሬ…» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። በር ላይ የቆመው ፖሊስ ይዟት ሲወጣም አልጨረሰችውም።

ሥራ አስኪያጁ ክራቫቱን አላላ፤ ወደ ቴክኒሻኑ ዞረ። «ወደ ቦታህ እንመልስሃለን። በደብዳቤ…»

«ደብዳቤው ይቆይ» አለ ቴክኒሻኑ። «ባለቤቴ ዓመት ሙሉ ‹አንተ አላጠፋህም› ስትለኝ እኔ ራሴን መጠራጠር ጀምሬ ነበር። ለእሷ በአፋችሁ ንገሩልኝ።» ስልኩን አውጥቶ ደወለና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«አቤት» አለ የሴት ድምፅ። ሥራ አስኪያጁ ስልኩን በጣቱ ገፋ አድርጎ ወደ ኋላ ተደገፈ።

ተርጓሚው ወደ ሚስቱ ዞረ። አሁን እያየችው ነው፤ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ስልኩን ወደ ራሱ ሳበው።

«እህቴ፣ የዋና መሐንዲሱ ልጅ ባል ነኝ» አለ። «ባለቤትሽ ምንም አላጠፋም። አባባ ዛሬ ሊናገሩት ነበር፤ አልደረሰላቸውም። ነገሩ የሚጀምረው እኔ ከሠራኋት አንዲት ምልክት ነው። ጊዜ ካለሽ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።»

ከስልኩ ወዲያኛው ጫፍ ወንበር ሲሳብ ተሰማ።