ቺንጋው አልጮኸም ነበር?

ታዲዮስ ኪዳንን መጀመሪያ ያያት በሁለት እጇ ጆሮዋን ደፍና ቆማ ነው።

መስከረም ነበር፤ ትምህርት ቤት የተከፈተበት ሰኞ። ታዲዮስ ቤቴል ላለ አንድ መዋዕለ ሕፃናት የተማሪ ሰርቪስ ይሠራል። መኪናው አሮጌ የናፍጣ ሚኒባስ ናት፤ በዕድሜ ከእሱ ብዙም አታንስም። በየጠዋቱ ግን አሥራ አንድ ሕፃናት ከየበራቸው ለቅማ ታደርሳለች። በዚያ ሰኞ መኪናው ውስጥ ልጆቹን የምትጠብቅ አዲስ መምህርት አየር ጤና ፌርማታው ላይ እንደምትቆየው ተነግሮታል። ሲደርስ ፊቱን በመስታወት አየት አደረገ፤ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለ፤ ቀስ ብሎ ጥጉን ያዘ። ያን ጊዜ መኪናዋ «ሲ...ጥ!» ብላ ሰፈሩን አደነቆረችው።

መምህርቷ ጆሮዋን እንደያዘች በመስኮቱ ብቅ አለች።

«የቤቴል ሰርቪስ ይሄ ነው?»

«አዎ ቲቸር፣ ግቢ። ታዲዮስ እባላለሁ።»

«ኪዳን። ... መኪናህን ማን መታብህ? እንዲህ የምታለቅሰው!»

ከኋላ ሕፃናቱ በሳቅ ፈነዱ። ታዲዮስ እስከ ጆሮው ቀላ።

«ቺንጋው ነው» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ሞተሩ ላይ የሚዞር ቀበቶ ነገር ነው። ሲያረጅ ይጮኻል። ቅዳሜ አስቀይረዋለሁ።»

ቅዳሜ መጣች፤ ሄደችም። ቺንጋው አልተቀየረም። ምክንያቱን ብነግራችሁ ትስቁበታላችሁ። መካኒኩ መኪናዋን ሲያይ «ልኩ በቀላሉ አይገኝም፣ ተፈልጎ እስኪመጣ ማክሰኞ ድረስ ተዋት» አለው። መኪናዋ ከቆመች ደግሞ ሰርቪሱን ሌላ ሹፌር ይሸፍናል። ሰኞና ማክሰኞ ጋቢና ከኪዳን አጠገብ የሚቀመጠው ሌላ ሰው ነው ማለት ነው! ታዲዮስ በአንድ ሳምንት ውስጥ እዚህ ደርሶ ነበር። መኪናዋን አስነሥቶ ወጣ።

ግን ጩኸቱ... ጩኸቱ ገደለው። በየማለዳው ከአየር ጤና ፌርማታ መቶ ሜትር ሲቀረው ያፍራል። ጉዳዩን ያዋየው ለቦሩ ነው። ቦሩም የሰርቪስ ሹፌር ነው፤ በዕድሜ ትንሽ ይበልጠዋል፤ ምሥጢረኛው ነው።

«ደረቅ ሳሙና ረጠብ አድርገህ ቺንጋውን ቀባው። ጸጥ ነው የሚልልህ» አለው ቦሩ። «ግን ስማኝ፣ መድኃኒት አይደለም። ለአንድ ሁለት ቀን ነው። ቶሎ ቀይረው።»

ታዲዮስ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰማ። ሁለተኛውን ጆሮ ዳባ ልበስ አለው።

በማግስቱ መኪናዋ ፌርማታው ላይ ድምፅዋን ሳታሰማ ቆመች። ኪዳን በሩን ከፍታ ጆሮዋን ወደ ሞተሩ አዘነበለች።

«እንዴ! አሠራሃት?»

ታዲዮስ ራሱን ከላይ ወደ ታች ነቀነቀ። አፉ አልዋሸም፤ ራሱ ግን ዋሸ።

«ጎበዝ!» አለችው፤ ፈገግታዋም ቀኑን ሙሉ አብሮት ዋለ።

ከዚያ ወዲያ ታዲዮስ በየንጋቱ ኮፈኑን ከፍቶ ሳሙና ይቀባል። ጥቅምት በዚህ አለፈ። ኪዳን ከቤቷ ይዛው የምትመጣውን ዳቦ ለሁለት ትቆርስና ትልቁን ለእሱ ትሰጠዋለች። ስለ አባቷ ታወራለታለች፤ ጋሽ ተክለሃይማኖት ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ ናቸው። አንድ ቀን ልጆቹን አድርሰው ሲመለሱ፣

«ታዲ፣ ቅዳሜና እሁድ ለምንድን ነው እንዲህ የሚረዝሙት?» አለችው።

«ላንቺም ይረዝማሉ?»

«ለኔም...»

ይህ ለሁለቱም የሚበቃ ነበር።

ኅዳር በገባ በሳምንቱ፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ ልጆቹን ወደየቤታቸው ሲመልሱ ከቤቴል በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ከመኪናዋ ሆድ «ጧ!» የሚል ድምፅ ወጣ። የባትሪዋ ምልክት ቀይ በራች። መሪው እጁ ላይ ከበደ። ፍሬን ረገጠ፤ ያዘለት። ደግሞ ረገጠ፤ ግማሽ ያዘለት። ሦስተኛውን ሲረግጥ ፍሬኑ እንደ ድንጋይ ደረቀበት።

እንዲህ ባሉ አሮጌ የናፍጣ ሚኒባሶች ለፍሬኑ ጉልበት የሚሰጠው ቫኪዩም የሚባል ፓምፕ የተገጠመው ባትሪ ከሚሞላው ዲናሞ ጀርባ ነው። ዲናሞውን የሚያዞረው ደግሞ ያው ቺንጋ ነው። ቺንጋው ሲበጠስ ሁሉም ተያይዞ ይሄዳል። ታዲዮስ ይህን ያውቃል። በየማለዳው ሳሙናውን ሲቀባም ያውቅ ነበር።

«ኪዳን...» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ፍሬኑ እምቢ ብሎኛል። ልጆቹን።»

ፊቱን አንድ ጊዜ አየችው። ምንም ሳትጠይቀው ወንበሩ ላይ ተንበርክካ ወደ ኋላ ዞረች።

«ልጆች! የፊት ለፊቱን ወንበር ከሁሉ አጥብቆ የሚይዝ ማነው? ጭንቅላት ወደ ታች! ማንም ቀና እንዳይል!»

ታዲዮስ ማርሹን ወደ ሦስት፣ ከዚያ ወደ ሁለት አወረደ። ሞተሩ አጓራ። የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ ሳበው። ከታች ታክሲዎች ተሰልፈዋል፤ ሰው መንገድ እየተሻገረ ነው። በቀኝ በኩል አንድ የሚሠራ ሕንፃ ደጅ ላይ አሸዋ ተከምሯል። የከበደውን መሪ በሙሉ ክንዱ ጠመዘዘውና መኪናዋን አሸዋው ውስጥ ሰካት።

ከኋላ የሁሉ ታናሽ የሆነችው ሳምሪ ቀና ብላ፣

«እንደገና!» አለች።

አንድም ልጅ አልተጎዳም። ኪዳን የእጅ አንጓዋ ተቀጥቅጦ አብጧል። ልጆቹን አንድ በአንድ ቆጥራ ካወረደች በኋላ የታዲዮስን እጅጌ ይዛ ማልቀስ ጀመረች።

«ታዲ... አዳንከን። እግዚአብሔር ይስጥህ፣ አዳንከን!»

ታዲዮስ ዓይኑን ከእሷ ወደ ኮፈኑ መለሰ።

በሁለት ቀን ውስጥ የሰፈሩ ጀግና ሆነ። ወላጆች እጁን ጨበጡት፣ እናቶች ግንባሩን ሳሙት። ሰው ባመሰገነው ቁጥር አንገቱን ይደፋል፤ እነሱም «አቤት ትሕትና!» ይላሉ። ሌሊቱን እንቅልፍ አጣ። ብናገር ኪዳንን አጣታለሁ ይላል። ዝም ብል ደግሞ የምትወደው እኔን አይደለም ይላል። ሁለቱንም መሸከም አቃተው።

የነቢያት ጾም ከመግባቱ በፊት ባለው እሁድ የኪዳን ቤተሰብ በግ አርዶ ምሳ ጠራው። እናቷ ወይዘሮ ተሻለች በር ድረስ ወጥተው «የልጄ አዳኝ!» ብለው አቀፉት። ጎረቤቱ ተሰብስቧል። ኪዳን ከጎኑ ተቀምጣ በፋሻ በተጠቀለለው እጇ ታጎርሰዋለች። ጋሽ ተክለሃይማኖት ከፊት ለፊቱ ናቸው። ሲያዩት ቆይተው እንዲህ አሉ፦

«ማርሽ ማውረድህ፣ አሸዋውን መምረጥህ የሹፌር ሥራ ነው። እጅህ ይባረክ።»

«አሜን ጋሼ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ግን። ቺንጋ ዝም ብሎ አይበጠስም፤ ቀድሞ ይጮኻል። ያንተ አልጮኸም ነበር?»

ታዲዮስ የያዘውን ጉርሻ መልሶ ማዕዱ ላይ አስቀመጠው። «አልጮኸም» ማለት አንዲት ቃል ናት። ኪዳን ፈገግ ብላ ታየዋለች፤ እሷም የምታውቀው ተሠርቶ ዝም እንዳለ ነው። አንዲት ቃል ብቻ!

«ጮኾ ነበር ጋሼ» አለ። «ከመስከረም ጀምሮ ይጮኽ ነበር። አላስቀየርኩትም። በየጠዋቱ ሳሙና እየቀባሁ ዝም አሰኘሁት።»

ኪዳን እጇን ከማዕዱ አነሣች።

«ነቀነቅህልኝ እኮ!» አለች ቀስ ብላ። «አሠርቻታለሁ ብለህ ነቀነቅህልኝ። ልጆቹን... ታዲ፣ አሥራ አንድ ልጆች!»

ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች፤ አልተመለሰችም። ወይዘሮ ተሻለች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ጋሽ ተክለሃይማኖት ግን ከተቀመጡበት አልተነቃነቁም።

«ምሳህን ጨርስ» አሉት። «ቤቴ የገባ ሰው ሳይበላ አይወጣም። ከዛሬ ጀምሮ ግን ልጄ አንተ መኪና ላይ አትወጣም።»

በላ። እንዴት እንደዋጠው እሱ ያውቃል።

በማግስቱ ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህርት ሁሉንም ነግሮ ሰርቪሱን ለቀቀ። ለወላጆችም አንድ በአንድ እየደወለ ነገራቸው። የሰደቡት አሉ፤ ዝም ብለው የዘጉበት አሉ። መኪናዋን ጋራዥ አስገብቶ ቺንጋውን፣ ፍሬኑን፣ የሚቀየረውን ሁሉ አስቀየረ፤ እስኪያልቅም አጠገቧ ቆመ። ከዚያ በኋላ በዘነበወርቅ መስመር ታክሲ መሥራት ጀመረ። በአየር ጤና ፌርማታ ላለማለፍ ሲል ዙሪያ ይዞራል። ኪዳን ጠልታኛለች፣ ፊቴን ማየት አትፈልግም ብሎ ደመደመ። እሷ ደግሞ በየጠዋቱ ፌርማታው ላይ ሌላ ሹፌር ሲመጣ እያየች፣ ሸሽቶኛል፣ ይቅርታ እንኳን ሳይጠይቀኝ ጠፋ እያለች ትብሰለሰላለች። አንድ ስልክ የሚፈታውን ነገር ሁለት ልብ ሦስት ሳምንት ይዞት ከረመ።

አንድ ዓርብ እኩለ ቀን ታዲዮስ ተራ ይዞ ቆሟል። አንድ ሰው የጋቢናውን መስኮት አንኳኳ። ቀና ሲል ኪዳን ናት።

«ኪዳን! ግቢ...»

«አልገባም። አባባ አትወጪም ብሎኛል። ቆሜ ነው የማወራህ።»

ዘሎ ወረደ። ፊት ለፊት ቆሙ።

«ትናንት ቦሩን አገኘሁት» አለች። «ለምን ሳሙና እንደቀባህ ነገረኝ። ስለቀለድኩብህ አፍረህ ነው። መኪናዋ ከቆመች እኔን ስለማታየኝ ነው። ያን ቀን ለምን አልተናገርክም? ለምን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ግዴለሽ መስለህ ወጣህ?»

«ምን ብዬ ልናገር? በሷ ምክንያት ነው ብዬ?»

«እውነት ነው እኮ!»

«አይደለም» አለ ታዲዮስ። «አንቺ ቀለድሽ። ሳሙናውን የቀባሁት እኔ ነኝ። ያንቺን ስም ካነሣሁ ልጆቹን ባየሽ ቁጥር ያምሽ ነበር። ለኔ ብቻ ይመመኝ ብዬ ነው።»

ኪዳን ከንፈሯን ነከሰች። እንባዋ ግን አልታዘዛትም።

«ይህን ከቦሩ አፍ ልስማ? እኔ እኮ ሸሸኸኝ ብዬ ነው... ሦስት ሳምንት! ተናድጄብሃለሁ፤ አሁንም ተናድጄብሃለሁ። ደግሞ ናፍቀኸኛል። ሁለቱ አንድ ላይ ይሆናል እንዴ?»

«ይሆናል መሰለኝ» አለ። «እኔም በራሴ ተናድጄ፣ አንቺን ናፍቄ ነው የከረምኩት። ኪዳን... እወድሻለሁ።»

«አውቃለሁ» አለች በመዳፏ ዓይኗን እየጠረገች። «እኔም እወድሃለሁ። አሁን ሥራህን ሥራ። አባባ ነገ ጠዋት መኪናዋን ይዘህ ና ብሎሃል።»

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ተክለሃይማኖት በር ላይ ቆመው ጠበቁት። ሰላምታውን ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ተቀበሉና ኮፈኑን አስከፈቱት። ቺንጋውን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉ፤ ጎኑን በባትሪ መብራት አዩ፤ ከመኪናዋ ሥር ሳይቀር አጎነበሱ። ከዚያ ጋቢና ገቡ።

«ቤቴል ንዳ።»

ነዳ። ያንኑ ቁልቁለት ወረዱ። አሸዋው የነበረበት ቦታ ሲደርሱ «አቁም» አሉት። መኪናዋ ቀጥ አለች።

«አደጋው የደረሰ ዕለት፣ መኪናዋ ከዚህ ሳትነሣ መጥቼ ነበር» አሉ ጋሽ ተክለሃይማኖት ፊት ለፊት እያዩ። «ኮፈኑን ከፈትኩት። እኔ የሳሙና ሽታ ይጠፋኛል?»

ታዲዮስ መሪውን እንደጨበጠ ቀረ።

«ያውቁ ነበር? ታዲያ ለምን ጠየቁኝ?»

«ስለ መኪናዋ አልነበረም የጠየቅኩህ። ልጄ ስላንተ ስታወራ ዓይኗን አይቻለሁ። አልጮኸም ብትለኝ ኖሮ አብልቼ፣ መርቄ እሸኝህና ሁለተኛ ደጄን አትረግጣትም ነበር።»

«እውነቱን ስናገርም እኮ ከለከሉኝ ጋሼ።»

«ጥፋት ጥፋት ነው! አሥራ አንድ ሕፃን ነው የጫንከው። እኔም የምነግርህን አስቤ እስክጨርስ ጊዜ ያስፈልገኝ ነበር።» መዳፋቸውን ትከሻው ላይ ጣል አደረጉ። «ጨርሻለሁ። ከገና በኋላ ሽማግሌ ላክ።»

ከገና በኋላ ባለው እሁድ ሦስት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው የጋሽ ተክለሃይማኖትን በር አንኳኩ፤ አንደኛው ቦሩ ነበር። ታዲዮስ በወጉ መሠረት አብሮ አልገባም፤ መንገዱ ማዶ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ጥፍሩን ይበላል። ስልኩ ጠራ። ኪዳን ናት። አልተናገረችም፤ ከጓዳ መጋረጃ ጀርባ ሆና ስልኩን ወደ ሳሎኑ ዘርግታለታለች።

«ተቀመጡ እንጂ» ይላሉ ጋሽ ተክለሃይማኖት።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ይላል የሽማግሌዎቹ ታላቅ። «ልጅዎን ለልጃችን ለታዲዮስ ልንለምን ነው የመጣነው። መቼም ሰው ነውና፣ የሆነውን ሁሉ...»

«እሱን ተዉት!» አሉ ጋሽ ተክለሃይማኖት። «ጥፋቱን ራሱ በዚህ ቤት ማዕድ ላይ ነግሮኛል፤ ከሱ በላይ የሚነግረኝ የለም። እናንተ ደጉን ንገሩኝ። ልጄን ሰጥቻለሁ፤ ተቀመጡና እየበላችሁ ንገሩኝ።»

ወይዘሮ ተሻለች እልል ሲሉ ስልኩ ውስጥ ያለው ድምፅ ሁሉ ተደበላለቀ። ታዲዮስ ግንባሩን መሪው ላይ አስደገፈ። ትንሽ ቆይቶ የኪዳን ሹክሹክታ መጣ።

«ታዲ... ሰማህ?»

«ሰማሁ» አለ፤ ድምፁ እንባ እንባ ይላል።

«እንዳትዘጋው። ቦሩ ስላንተ ሊናገር ጉሮሮውን እየጠረገ ነው። አብረን እንስማ።»